ባሕል ተሻጋሪ ፍቅር በውጭ አገር ተማሪዎች ሕይወት

በአሁኑ ጊዜ ከ6 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ተማሪዎች ከትውልድ አገራቸው ውጭ በሚገኙ ከፍተኛ የትምህርት ተቋማት ይማራሉ። አብዛኞቹ በአፍላ የወጣትነት ዕድሜ ላይ የሚገኙ፣ ከቤተሰባቸው ተለይተው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው። በመሆኑም ዲግሪ ፍለጋ ሄደው ከዲግሪው ጋር የትዳር ጓደኛ ይዘው የሚመለሱ፣ ወይም በትዳር ምክንያት በዚያው የሚቀሩ ጥቂቶች አይደሉም።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን ኤራስመስ የተባለው የአውሮፓ የተማሪዎች ልውውጥ መርሐ ግብር ነው። መርሐ ግብሩ እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ የአውሮፓ ኮሚሽን በ2014 ይፋ ባደረገው ጥናት መሠረት ከቀድሞ የመርሐ ግብሩ ተማሪዎች መካከል 33 በመቶ የሚሆኑት የሕይወት ጓደኛቸው የሌላ አገር ዜጋ ነው። በአገራቸው ብቻ በተማሩት ዘንድ ይኸው አኃዝ 13 በመቶ ነበር። 27 በመቶዎቹ ደግሞ የሕይወት ጓደኛቸውን የተዋወቁት በዚያው በልውውጡ ቆይታቸው ነው። ኮሚሽኑ ከ1987 ጀምሮ ከእንዲህ ዓይነት ጥንዶች 1 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ሳይወለዱ እንዳልቀሩ ገምቷል።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት ጥያቄዎችን እናነሣለን። አንደኛው፣ የባሕል ልዩነት እያለ ሁለት ተማሪዎች በባዕድ አገር እንዴት በቀላሉ ሊቀራረቡ ይችላሉ? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከተቀራረቡ በኋላ ፍቅራቸውን የሚፈትነው ምንድን ነው? የሚል ነው። ወደፊት እንደምንመለከተው ሁለቱን የሚያቀራርባቸው ነገርና ሁለቱን የሚያኖራቸው ነገር አንድ አይደለም። ብዙዎቹ ተማሪዎች የሚቸገሩትም ይህን ልዩነት ዘግይተው ሲረዱት ነው።

ፍቅር የማን ባሕል ነው?

አንዳንድ ሰዎች በወንድና በሴት መካከል የሚፈጠረው የፍቅር ስሜት የምዕራባውያን ፈጠራ እንደሆነ፣ በሌላው ዓለም ግን ጋብቻ የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ እንደነበር ይናገራሉ። ይህን አስተሳሰብ ለመመርመር ዊልያም ያንኮቪያክና ኤድዋርድ ፊሸር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ስለ 166 የዓለም ሕዝቦች የተሰበሰቡ መረጃዎችን አጠኑ። በ1992 ባወጡት ውጤት መሠረት በ147ቱ፣ ማለትም ከ88 በመቶ በሚበልጡት ሕዝቦች ዘንድ የፍቅር ስሜት መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ ተገኝቷል። ማስረጃው ካልተገኘባቸው ሕዝቦች መካከልም አብዛኞቹ መረጃው ስላልተሰበሰበላቸው እንጂ ፍቅር ስለማያውቁ ነው ለማለት አይቻልም።

ከዚህ የምንረዳው ስሜቱ የሰው ልጆች ሁሉ የጋራ ሀብት መሆኑን ነው። ከሕዝብ ወደ ሕዝብ የሚለያየው ስሜቱ የሚገለጽበት መንገድና በኑሮ ውስጥ የሚሰጠው ቦታ ነው። ይህን ልዩነት በልባችን ይዘን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንለፍ።

ቅርበትና መላመድ

ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ በ1950 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ረገድ እጅግ የታወቀ ነው። ተመራማሪዎቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለባለትዳር ተማሪዎች በተሠራው ዌስትጌት በተባለ የመኖሪያ ሰፈር ነዋሪዎቹ ከማን ጋር ጓደኛ እንደሆኑ ጠየቁ። ነዋሪዎቹ ቤታቸውን መርጠው የያዙ ሳይሆኑ ቤት በተለቀቀ ቁጥር በተራ የተመደቡ ነበሩ። ውጤቱ እንደሚያሳየው በአንድ ፎቅ ላይ ጎን ለጎን በሚገኙ ቤቶች ከሚኖሩት 41 በመቶ ያህሉ እርስ በርስ ጓደኛሞች ሆነዋል። አንድ ቤት በመካከላቸው ሲኖር አኃዙ ወደ 22 በመቶ ወረደ። በአንዱና በሌላው የኮሪደር ጫፍ በሚኖሩት መካከል ደግሞ 10 በመቶ ብቻ ሆነ። በጥቂት ሜትሮች ርቀት የሚወሰን ይህን ያህል ልዩነት ተገኘ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በ1992 ሪቻርድ ሞርላንድና ስኮት ቢች ያደረጉት ሙከራ ነው። ተመራማሪዎቹ በመልክ የሚመሳሰሉ አራት ሴቶችን መርጠው አንዷ ወደ ክፍል ጨርሶ እንዳትገባ፣ ሁለተኛዋ 5 ጊዜ፣ ሦስተኛዋ 10 ጊዜ፣ አራተኛዋ 15 ጊዜ እንድትገባ አደረጉ። ሴቶቹ ገብተው ከመቀመጥ በስተቀር ከማንም ጋር አልተነጋገሩም። በሴሚስተሩ መጨረሻ ተማሪዎቹ የሴቶቹን ፎቶግራፍ አይተው አስተያየት ሲሰጡ ብዙ ጊዜ ክፍል የገባችው ሴት ይበልጥ ተወዳጅ ሆና ተገኘች። ሳይንቲስቶች ይህን ክሥተት የመላመድ ውጤት ይሉታል።

እነዚህን ሁለት ውጤቶች በውጭ አገር ተማሪ ኑሮ ላይ ብናውላቸው ነገሩ ግልጽ ይሆንልናል። የውጭ አገር ተማሪዎች በአብዛኛው በአንድ ዶርሚተሪ ይመደባሉ። የቋንቋ ኮርስ አብረው ይወስዳሉ፤ በአንድ ማብድያ ያበስላሉ፤ የአገሬው ተማሪዎች ለበዓል ወደየቤታቸው ሲሄዱ እነርሱ በግቢው አብረው ይቀራሉ። አንዲት ቬትናማዊትና አንድ ኢትዮጵያዊ በየአገራቸው ቢኖሩ ኖሮ የመገናኘታቸው ዕድል ከምንም የሚቆጠር አልነበረም። በአንድ ኮሪደር ሲኖሩ ግን በቀን ሦስት ጊዜ ይተያያሉ።

የድልድዩ ትምህርት

ቅርበት ብቻውን ግን ሁሉንም አያስረዳም። በ1974 ዶናልድ ደተንና አርተር አሮን በካናዳ፣ ቫንኩቨር ከተማ አጠገብ በሚገኘው የካፒላኖ ተንጠልጣይ ድልድይ ላይ አንድ ሙከራ አድርገው ነበር። ድልድዩ 137 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ከሥሩ ካለው ወንዝ 70 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተዘረጋና በነፋስ የሚወዛወዝ ነው። አንዲት ወጣት ድልድዩን የሚሻገሩ ወንዶችን እያስቆመች አጭር መጠይቅ ካስሞላቻቸው በኋላ የስልክ ቁጥሯን ትሰጣቸዋለች። ይህንኑ በሌላ ዝቅተኛና ጽኑ ድልድይ ላይም ደገመችው። ቁጥሯን በሚያስፈራው ድልድይ ላይ ከተቀበሉት 18 ወንዶች 9ኙ በኋላ ደወሉላት። በጽኑው ድልድይ ላይ ከተቀበሉት 16 ወንዶች ግን የደወሉት 2 ብቻ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ለዚህ የሰጡት ማብራሪያ፣ ሰው ልቡ በፍርሃት ሲመታ የልቡን ምት አጠገቡ ባለው ሰው ምክንያት የመጣ አድርጎ ሊተረጉመው ይችላል የሚል ነው።

የባዕድ አገር የመጀመሪያ ወራት ከዚህ ድልድይ ጋር የሚመሳሰል ጠባይ አላቸው። ኖርዌያዊው የማኅበረሰብ ሳይንስ ተመራማሪ ስቬሬ ሊስጋርድ በፉልብራይት የትምህርት ዕድል ወደ አሜሪካ ሄደው የነበሩ ከ200 የሚበልጡ የአገሩን ሰዎች አነጋግሮ በ1955 ባወጣው ጥናት፣ ከ6 ወር በታች የቆዩት ደኅና ተላምደው እንደነበር፣ ከ6 እስከ 18 ወር የቆዩት ይበልጥ እንደተቸገሩ፣ ከ18 ወር በላይ የቆዩት ግን እንደገና እንደተረጋጉ አመልክቷል። የኋላ ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉም ተማሪ በዚህ መስመር እንደማይሄድና ብዙዎች ገና ከመጀመሪያው ሳምንት እንደሚጨነቁ አሳይተዋል። ይሁን እንጂ የብቸኝነትና የመረበሽ ወቅት መኖሩን የማይስማማበት የለም።

በዚህ ወቅት የሚገናኙ ሁለት ሰዎች አንዱ ለሌላው መጠለያ ይሆናል። ፍቅራቸው እውነተኛ አይደለም ማለታችን አይደለም፤ ብዙ ጽኑ ትዳሮች የተመሠረቱት እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ነገር ግን ከስሜቱ የተወሰነው ክፍል ከሁኔታው የመጣ መሆኑን ማወቅ ይገባል። ሁኔታው ሲለወጥ ምን ይቀራል? ወደ ሁለተኛው ጥያቄ የሚያሸጋግረን ይህ ነው።

ያልተጻፈው ሕግ

ስለ ባሕል ልዩነት ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ምግብ፣ አለባበስና ሙዚቃ ነው። እነዚህ ግን የሚታዩ በመሆናቸው ፍቅረኞችን እምብዛም አያጣሉም፤ እንዲያውም የመዋደጃ ምክንያት ይሆናሉ። እንጀራ በእጅ መብላትን መማር፣ በጉርሻ መሳሳቅ ማንንም አይጎዳም። አስቸጋሪው ማንም ሳያስተምረን ያደግንበትና ለሁሉም ሰው የታወቀ ነው ብለን የምናስበው ልማድ ነው።

የሥነ ልቡና ሊቁ ፖል ቫዝላቪክ የሚያነሣው አንድ ታሪክ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ የሰፈሩ አሜሪካውያን ወታደሮች እንግሊዛውያት ወጣቶች ፈጣኖች ናቸው ይሉ ነበር። ወጣቶቹም በበኩላቸው አሜሪካውያኑ ፈጣኖች ናቸው ብለው ያማርሩ ነበር። ሁለቱም እንዴት ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ? ጉዳዩን ያጠኑት ማርጋሬት ሚድን የመሳሰሉ የባሕል ተመራማሪዎች የሰጡት መልስ፣ በሁለቱም አገሮች ከትውውቅ እስከ ሙሉ ግንኙነት ያለው መንገድ ብዙ ደረጃዎች አሉት፤ የደረጃዎቹ ቅደም ተከተል ግን ይለያያል የሚል ነው። መሳም በአሜሪካውያኑ ዘንድ በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች የሚገኝ ቀላል ነገር ነበር፤ በእንግሊዛውያቱ ዘንድ ግን ወደ መጨረሻው የተጠጋ ከባድ እርምጃ ነበር። ስለዚህ ወታደሩ ቶሎ ሲስማት እርሷ ብዙ ደረጃ እንደዘለለ ትቆጥረዋለች። ያን ጊዜ ወይ ትሸሻለች፣ ወይም ቀሪው ጥቂት ነው ብላ ወደፊት ትቀጥላለች። እርሱ ደግሞ በሁለቱም ይደነግጣል። ክፉ ሐሳብ የነበረው ማንም አልነበረም።

አሜሪካዊው የባሕል አጥኚ ኤድዋርድ ሆል በ1976 ባሳተመው «ከባሕል ባሻገር» በተባለው መጽሐፉ ሕዝቦች መልእክት የሚያስተላልፉበትን መንገድ በሁለት ወገን ይከፍላል። በአንደኛው ወገን አብዛኛው መልእክት በቃሉ ውስጥ ተነግሮ ያልቃል። በሌላው ወገን ግን ቃሉ ጥቂቱን ብቻ ሲይዝ የቀረውን ሰሚው ከሁኔታው፣ ከዝምድናውና ከአነጋገሩ ይረዳዋል። ሰምና ወርቅ በለመደ ሕዝብ መካከል ላደግን ለእኛ ሁለተኛው መንገድ እንግዳ አይደለም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ በጀርመናዊት ጓደኛው ወላጆች ቤት ለምሳ ተጋበዘ እንበል። እናቲቱ እንዲጨምሩለት ሲጠይቁት በጨዋ ደንብ «ጠግቤአለሁ፣ አመሰግናለሁ» ይላል። በአገሩ ቢሆን ኖሮ ይህ የመጀመሪያው መልስ እንጂ የመጨረሻው አይደለም፤ አስተናጋጁ «በሞቴ!» ብሎ ያስጨንቀዋል፤ እርሱም እንቢ ካለ በኋላ ይቀበላል። እናቲቱ ግን ቃሉን አክብረው ሳህኑን ያነሡታል። እርሱ እየራበው «ቆጥቋጣ ናቸው» ብሎ ያስባል። በሌላ ቀን ልጅቱ አዲስ አበባ መጥታ ሦስት ጊዜ በቃኝ ስትል አራተኛ ጊዜ ቢጨመርላት ደግሞ «ቃሌን የሚሰማ የለም» ብላ ታዝናለች። የምግቡ ጉዳይ በሣቅ ያልፋል። ነገር ግን አንዱ «ቅር ብሎኛል» ማለትን በዝምታ የሚገልጽ፣ ሌላው ደግሞ ዝምታን እንደ ስምምነት የሚቆጥር ከሆነ ያው ስሕተት በከባድ ነገር ላይ ይደገማል።

በየትኛው ቋንቋ?

የውጭ አገር ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚነጋገሩት ለሁለቱም አፍ መፍቻቸው ባልሆነ ቋንቋ ነው። ይህ በስሜት ላይ ምን ያስከትላል? በ2003 ይፋ በሆነ አንድ ጥናት የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ቱርክኛ የሆነና እንግሊዝኛ የሚናገሩ ሰዎች በሁለቱም ቋንቋዎች ልዩ ልዩ ቃላትን እንዲሰሙና እንዲያነቡ ተደረገ። ስሜት ሲነካ በቆዳ ላይ የሚፈጠረውን መጠነኛ የላብ ለውጥ በመሣሪያ ሲለኩት፣ በልጅነት የሚሰሙ የተግሣጽ ቃላት በቱርክኛ ሲነገሩ ይበልጥ ኃይለኛ ለውጥ አስከተሉ። ዣን ማርክ ደዋሌ ደግሞ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ብዙ ቋንቋ ተናጋሪዎችን «እወድሃለሁ» ወይም «እወድሻለሁ» የሚለው ቃል በየትኛው ቋንቋ ይበልጥ እንደሚከብድ ጠይቆ በ2008 ባወጣው ውጤት፣ ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያው ቋንቋቸው ነው ብለዋል። ሲሶ ያህሉ እኩል ነው ሲሉ፣ የቀሩት በኋላ የተማሩት ቋንቋ ይበልጥ እንደሚከብድባቸው ገልጸዋል።

ስለዚህ በውሰት ቋንቋ የተነገረ የፍቅር ቃል ለተናጋሪው ቀላል፣ ለሰሚው ከባድ ሊሆን ይችላል። የስድብ ቃልም እንዲሁ ነው። ከሁለቱ አንዱ የሌላውን ቋንቋ መማሩ ለጨዋታ ብቻ የሚጠቅም አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ጓደኛው ከእናቱ ጋር በስልክ ሲነጋገር የሚሆነውን ሌላ ሰው ፈጽሞ አያውቀውም።

ፍቅርና ጋብቻ አንድ ናቸውን?

ሮበርት ሌቪንና ባልደረቦቹ በ1995 ባወጡት ጥናት በ11 አገሮች ለሚገኙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ አቀረቡ። ጥያቄው፣ አንድ ሰው የምትፈልጉት ጠባይ ሁሉ ቢኖረው፣ ነገር ግን በፍቅር ባትወድዱት ታገቡታላችሁን? የሚል ነበር። በአሜሪካ «አዎን» ያሉት ከ100 ተማሪዎች 4 ያህል ብቻ ነበሩ። በሕንድና በፓኪስታን ግን ግማሽ ያህሉ «አዎን» ብለዋል። መላሾቹ በዕድሜም በትምህርትም እኩዮች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ይህ ውጤት አንዱ ወገን ስሜት የሌለው፣ ሌላው ደግሞ ስሜት ብቻ ያለው መሆኑን አያመለክትም። የሚያመለክተው ጋብቻ የሚለው ቃል ለሁለቱ የተለያየ ሥራ እንደሚሠራ ነው። ለአንዱ የሁለት ሰዎች ስምምነት ነው፤ ለሌላው የሁለት ቤተሰቦች መዛመድ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ዘር ተቆጥሮ፣ ወላጅ መርቆ የሚፈጸም ጋብቻን ያየ ወጣት፣ ጓደኛው «እናትና አባቴን በስልክ ነግሬአቸዋለሁ፤ ደስ ብሏቸዋል» ብቻ ስትለው ቤተሰቧ የናቁት ሊመስለው ይችላል። እርሷ ደግሞ የሽማግሌዎቹን ጥያቄ እንደ ምርመራ ልታየው ትችላለች። ወላጆችን መጦር፣ ለታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች ገንዘብ መላክ፣ ልጆች የሚያድጉበት ሃይማኖት ሁሉ በዚሁ ሥር ይመጣሉ።

የስም ጉዳይ እንኳ ሳይታሰብ አይታለፍም። በእኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም፤ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፤ ሚስትም በአባቷ ስም ትኖራለች። ዳዊት ታደሰ የተባለ ሰው ሄኖክ የሚባል ልጅ ቢወልድ ልጁ ሄኖክ ዳዊት ነው። በአውሮፓ መዝገብ ግን ያባት «ስም» ታደሰ፣ የልጅ «ስም» ዳዊት፣ የእናት ደግሞ ሌላ ሆኖ ሦስቱ የማይዛመዱ ሰዎች ይመስላሉ። ይህን ልጁ ከመመዝገቡ በፊት ያልተነጋገሩ ወላጆች በየድንበሩ ማስረዳት ይኖርባቸዋል።

የምረቃ ዓመት

ከላይ የዘረዘርናቸው ልዩነቶች በዶርሚተሪ ኑሮ ጊዜ ሊተኙ ይችላሉ። ሁለቱም በባዕድ አገር እኩል እንግዶች ናቸው፤ ወላጅ አጠገባቸው የለም፤ ትልቅ ገንዘብ የለም፤ የልጅም ጉዳይ አልተነሣም። ምረቃ ሲቀርብ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነቃሉ። የተማሪ ቪዛ ያበቃል። ማን ወደ ማን አገር ይሄዳል? የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ከሁለቱ አንዱ እንግድነቱን ሲጨርስ ሌላው ለዕድሜ ልኩ እንግድነትን ይጀምራል።

ከታሪክ ሁለት ምሳሌዎችን እናንሣ። ኬንያዊው ባራክ ኦባማ አባት በ1959 ለትምህርት ወደ ሃዋይ ሄደ። በ1960 በዩኒቨርሲቲው የሩሲያ ቋንቋ ክፍል ከአን ደንሃም ጋር ተዋወቀ፤ በየካቲት 1961ም ተጋቡ። በዚያን ጊዜ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የጥቁርና የነጭ ጋብቻ በሕግ የተከለከለ ነበር። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1967 ክልከላውን ሲሽረው እንኳ ሕጉ በ16 ግዛቶች ይሠራ ነበር። ሃዋይ ግን እንዲህ ያለ ሕግ አልነበራትም። ሆኖም ባልየው ቀደም ሲል በኬንያ የመሠረተው ትዳር ነበረው፤ በ1962ም ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ሃርቫርድ ብቻውን ሄደ። በ1964 ትዳሩ ፈረሰ፤ እርሱም ወደ አገሩ ተመለሰ። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ልጃቸው ያደገው ከአባቱ ተለይቶ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ሰረትሴ ካማ ነው። የባማንግዋቶ ሕዝብ አልጋ ወራሽ የነበረው ሰረትሴ በለንደን ሕግ ሲማር በ1947 በኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ከምትሠራ ሩት ዊልያምስ ከተባለች እንግሊዛዊት ጋር ተዋውቆ በ1948 አገባት። እንደራሴ የነበረው አጎቱ አጥብቆ ተቃወመ። ሰረትሴ ግን አገሩ ተመልሶ በሕዝብ ሸንጎ ፊት ደጋግሞ ጉዳዩን አስረዳ፤ በ1949ም ሕዝቡ እርሱንም ሚስቱንም ተቀበለ። የእንግሊዝ መንግሥት ከደቡብ አፍሪካ በኩል የሚመጣውን ቁጣ ፈርቶ ከአገሩ አግዶት ነበርና የተመለሰው በ1956 ነው። በ1966 የነጻይቱ ቦትስዋና የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። ሩትም ባሏ በ1980 ከሞተ በኋላ ሳይቀር በዚያው ኖራ በ2002 አረፈች።

በእነዚህ ሁለት ትዳሮች መካከል ያለውን ልዩነት በአንድ ምክንያት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ነገር ግን በሁለተኛው ታሪክ ቤተሰብና ሕዝብ ጉዳዩን በግልጽ ሰምቶ እንደተነጋገረበት እናያለን። የተነገረ ተቃውሞ መልስ ሊሰጠው ይችላል፤ ያልተነገረ ግን ለማንም አይመለስም።

የመንግሥት ሕግም ችላ የሚባል አይደለም። ሶቭየት ኅብረት ከ1947 እስከ 1953 ዜጎቿ ከውጭ አገር ሰው ጋር እንዳይጋቡ ከልክላ ነበር። ክልከላው ከተነሣ በኋላ በዚያ የተማሩ ብዙ አፍሪካውያን፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ በዚያው ትዳር መሥርተዋል። በአገራችን በ2003 (በ1996 ዓ.ም.) የወጣው የዜግነት አዋጅ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ እንደሆነ ይደነግጋል። በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ግን ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። በውጭ አገር የሚያገባ ተማሪ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

እስካሁን ያየነውን ስናጠቃልለው፣ ሁለት ተማሪዎችን በባዕድ አገር የሚያቀራርባቸው የአንድ ኮሪደር ኑሮ፣ መላመድና የጋራ ብቸኝነት ነው። እነዚህ ኃይሎች ባሕልን አይጠይቁም፤ ስለዚህ ልዩነቱ የሌለ ያስመስላሉ። ትምህርቱ ሲያልቅ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ። የሚቀረው እያንዳንዳቸው ይዘውት የመጡት ያልተጻፈ ሕግ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ላይ የሚገኝ ተማሪ የምረቃውን ዓመት ሳይጠብቅ ከጓደኛው ጋር ሊነጋገርባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የምንኖረው የት ነው? የወላጆቻችን ድርሻ ምን ያህል ነው? ገንዘባችን የማን የማን ነው? ልጆቻችን በምን ቋንቋ፣ በምን እምነት፣ በምን ስም ያድጋሉ? ስንጣላ አንተ ዝም ስትል፣ አንቺም ስትጮኺ ምን ማለታችሁ ነው? ከተቻለም አንዱ የሌላውን አገር በዕረፍት ጊዜ ሄዶ ቢያይ መልካም ነው። ሰው በገዛ ቤቱ የሚኖረው በዶርሚተሪ እንደኖረው አይደለምና።

እነዚህን ጥያቄዎች ማንሣት ፍቅርን ያቀዘቅዛል የሚሉ አሉ። እኛ ግን የሚቀዘቅዝ ከሆነ ሁለቱም ገና ተማሪዎች ሳሉ፣ ልጅ ሳይወለድና ከሁለት አንዱ አገሩን ሳይለቅ ቢቀዘቅዝ ይሻላል እንላለን። ጥያቄዎቹን አልፎ የጸና ፍቅር ደግሞ ከዶርሚተሪው ውጭም የሚኖርበት መሠረት አለው።